ለማንም የማትናገሩት ዓረፍተ ነገር

የገዛ እህቱን ምስጢር የፈታው እሱ ራሱ ነው፤ በማንም አያላክክም። ጠዋት በአንድ ታክሲ መጥተው በሩ ላይ ተለያዩ፤ እሷ ወደ ላይ ወደ መዝገብ ቤት፣ እሱ ወደ ታች ወደ ምድር ቤት። የክፍሉን በር ሲከፍት ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ፊቱን መታው። ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ የሠራተኛውን ፓስወርድ ሲሰብር ነው ያደረው። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገና ሻዩን ከማራገቢያው አርቆ አስቀምጦ እንደ ልማዱ ውጤቱን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመረ። ከአንድ እስከ ስድስት ቆጥሮ «ፓስወርድ» ያለ አለ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው መቼም አይጠፋም። የኳስ ቡድኑን የጻፈ አለ። የሚስቱን ስም ጽፎ ከኋላው የቃለ አጋኖ ምልክት የደረደረ አለ፤ ፍቅር ይሁን ምሬት አይታወቅም። ሳቅ ሳቅ እያለው ሲወርድ አንድ ረዘም ያለ መስመር ላይ ዓይኑ ቆመ። «እኔ ነኝ እናቱ» ይላል፣ በላቲን ፊደል ተገጣጥሞ፣ ከኋላው አራት አኃዝ ተለጥፎበት። ከጎኑ ያለው መለያ የእህቱ ነው።

ድርጅቱ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ነው። እሱን ሠራተኛው ሁሉ «ሌባው» ይለዋል፤ ሥራው በደመወዝ መስረቅ ስለሆነ። የውጭ ሌባ መጥቶ ሳይሰብረው በፊት የሠራተኛውን ፓስወርድ እሱ ይሰብራል፣ የማን ደካማ እንደሆነ ይናገራል፣ ባለቤቱ ይቀይራል። «እንዴት ነው የምትሰብረው?» ለሚለው ሰው የሚያስረዳው በወፍጮ ነው። ኮምፒውተሩ ፓስወርድህን እንዳለ አያስቀምጥም፤ ይፈጨውና ዱቄቱን ብቻ ይይዛል። ባለሙያዎቹ ሃሽ የሚሉት ያንን ዱቄት ነው። ዱቄት ደግሞ ተመልሶ እህል አይሆንም። እንግዲህ ሌባ ምን ያደርጋል? ያገኘውን እህል ሁሉ እያመጣ ይፈጫል፣ ዱቄቱን ከዱቄቱ ያስተያያል፣ የተመሳሰለ ዕለት «አገኘሁህ» ይላል። ብልህ ሲስተም በየሰዉ ዱቄት ላይ የተለያየ ጨው ስለሚነሰንስ ሌባው ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ይፈጫል። የዚህ ድርጅት ሲስተም ግን ጨው የሚባል ያልነካው አልጫ ነው፤ አንዴ የተፈጨ ለሁሉም ይሆናል። ወፍጮዎቹ ከተዘጋ ጌም ቤት የተገዙ አሮጌ የቪዲዮ ጌም ካርዶች ናቸው፤ ሲሠሩ ጩኸታቸው ጆሮ ያደነቁራል። ዘበኛው በዝናብ ጊዜ ካልሲውን የሚያደርቀው በእነሱ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ ያስተማረውም እሱ ነው። «ስም አታድርጉ፣ ስልክ ቁጥር አታድርጉ፣ ዓረፍተ ነገር አድርጉ» አላቸው። «ለማንም የማትናገሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡ። ለማንም ካልተናገራችሁት ማንም አይገምተውም።» በአነጋገሩ ራሱም ኮርቶ ነበር። ያልነገራቸው ነገር ቢኖር ምስጢር የቱንም ያህል ቢጠልቅ የሚሠራበት ቃል ተራ መሆኑን ነው። «እኔ» የማይል ማን አለ? «እናት» የማይል ማን አለ? ከኢንተርኔት የሚወርዱት የቃላት ዝርዝሮች የእኛን ሰው አፍ ስለማያውቁ፣ ሰው በስልኩ እንደሚጽፈው አድርጎ የራሱን ዝርዝር ሠራ። ቃሉን የለቀመው ደግሞ ከቤቱ ነው። እህቱ ድስት እያማሰለች ስትቆጣ፣ ስትመርቅ፣ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ጥግ ይዞ ይጽፍ ነበር። «ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?» ስትለው «አፍሽን እየሰረቅኩ ነው» ይላታል፣ ትስቃለች። ፕሮግራሙ እነዚያን ቃላት ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረገ ይገጣጥማል፣ ከኋላቸው ቁጥር ይለጥፋል፣ ይፈጫል። በራሷ አፍ ነው የተከፈተችው።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ እህቱ ልጅ ወልዳ ሞቶባት ይሆናል የሚል ነበር። ምስኪን፣ ብሎ አዘነላት። ትዳር አልያዘች፣ ዕድሜዋን ሙሉ እናታቸውን ስትጦር፣ እሱን ስታስተምር ኖረች፤ ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ጠይቋት ያውቃል? ከዚያ አኃዞቹን ልብ ብሎ አያቸው። እሱ የተወለደበት ቀንና ወር ናቸው። ክው አለ። ለማስተባበል ሞከረ፤ አሳዳጊም እናት ናት፣ ታላቅ እህት ታናሽዋን «ልጄ» ብትል ምን ነውር አለው፣ አለ ለራሱ። ግን ሆዱ እምቢ አለው። ፎቶ ትዝ አለው፤ እናታቸው እሱን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋው እንደ እንግዳ ተገትራ ተቀምጣለች፣ እህቱ ጫፍ ላይ ደረቷን በነጠላ ሸፍና ቆማለች፣ ልጅ እግር ናት፣ ዓይኗ ካሜራው ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ነው። እህቱ ትምህርቷን ያቋረጠችው እሱ በተወለደ ዓመት ነው፤ ለምን ሲባል «አሟት ነበር» ይባላል፣ ምን እንዳመማት ግን የሚናገር የለም። አምና እናታቸው አልጋ ላይ ሆና የእህቱን እጅ ይዛ «ንገሪው እንጂ ልጄ፣ እኔ ይዤው አልሂድ» ስትላት ሰምቷል። «እነግረዋለሁ» አለች እህቱ። እሱ የቤቱ ጉዳይ መስሎት ከክፍሉ ወጣ፤ ሴቶቹ በቤት ነገር ሲነታረኩ መሃል መግባት አይወድም ነበር። እናታቸው በሳምንቱ አረፈች። ከዚያ ወዲህ እህቱ ብዙ ጊዜ አጠገቡ መጥታ ትቀመጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ «ልብስህን አጥቤዋለሁ» ብላ ትነሳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም።

ማልቀስ ፈለገ፣ ግን ማንን ብሎ ያልቅስ? እናቴ ብሎ የቀበራት ሴት አለች። ለእሷ ጺሙን አሳድጓል፣ ስሟን እየጠራ መሬት ላይ ተንከባሏል። ያን ጊዜ እህቱ ክንዱን ይዛ «በቃ፣ በቃ የኔ ጌታ» ስትለው ነበር። ሌላዋን እናቱ ናት ብሎ ሲያለቅስ እያየች፣ ያጽናናችው እሷ ነበረች። ይሄን ሲያስብ ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ።

የስልኩ ጩኸት ነው ያነቃው። ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ አለ፣ የተሰበሩትን ፓስወርዶች የባለቤቶቹን ስም ሳይጠቅሱ ግድግዳ ላይ አሳይተው ሠራተኛውን ሊያስቁም ሊያስተምሩም አስበዋል። እሱ እጁ ወደ መስመሩ ሄደ፤ አጠፋው። ከዚያ ነው ትዝ ያለው። ፕሮግራሙ የባለቤቶቹን መለያ አስቀርቶ ውጤቱን ራሱ ለሥራ አስኪያጁ በኢሜይል እንዲልክ ያደረገው እሱ ነው፣ ባለፈው ወር፣ ትጉህ ለመባል። ደረጃውን እየዘለለ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አትመው በቀይ እስክሪብቶ ያከብቡበታል። የተከበበው ያው መስመር ነው።

«ይሄ ነው የጣፈጠኝ» አሉ። «ረጅም ነው፣ አንተ እንዳልከው ዓረፍተ ነገር ነው፣ አንተ ግን በላኸው። የዛሬው ትምህርት ይሄ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄኛው ቢቀርስ?» አለ።

«ለምን ይቀራል? የማን ነው?»

ቢለምን እየጠቆመ ነው፣ ቢተው ደግሞ እየሸጣት ነው። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጨዋታ ይወዳሉ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ደግሞ «ተው» ሲሉት ይብስበታል። «እንዲያው ነው» ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ከመዝገብ ቤት የእህቱን ሳል ሰማ።

ምሳ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚበሉት፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ። እሷ ሩዝና አትክልት በክዳን ዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ ለእሱ ትልቁን ማንኪያ፣ ለራሷ እጀታው የተሰበረውን። ዛሬም እንዲሁ አደረገች። እጇን እያያት በላ። ጣቶቿ የእሱን ይመስላሉ፤ አውራ ጣቷ እንደሱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። እስከ ዛሬ ይሄን እንዴት አላየም? እሷ ስለ ሽንኩርት ታወራለች፤ ሽንኩርት እንደ ወርቅ በግራም ሊሸጥ ነው አለች፣ ነጋዴው ዓይኑን በጨው አጥቦ ትናንት ከነገረኝ ላይ ዛሬ ጨመረብኝ አለች፣ ቲማቲሙማ ይቅር፣ ዓይቼው ብቻ ተመለስኩ አለች። የኮርኒሱ ፍሳሽ ደግሞ በእሱ መኝታ በኩል እየመጣ ነው፣ አልጋውን ወደ እሷ ክፍል ብናዞረው ምን ይመስልሃል አለች። «እሺ» አለ። ጭነት ጫኝ መኪና እየተንጓጓ ወጣ፣ አቧራው እስኪሰክን ክዳኑን በምግቡ ላይ አደረገች፣ እንደገና ከፈተችው።

«ዛሬ ስብሰባውን ተዪውና ቤት ግቢ» አላት። «ጉልበትሽን አሞሻል።»

«ጉልበቴ ለመቀመጥ አያመኝም» ብላ ሳቀች። «ደግሞስ ምን እሸሻለሁ? ሌላው ነው የሚፈራህ። እኔ ያልከውን አድርጌያለሁ። የኔን እንኳን አንተ ሰይጣንም አያገኘው።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ያን ጊዜ መናገር ነበረበት፤ ሰው አልነበረም፣ ጊዜም ነበረው። «እታለም» አለ። «ወዬ» አለችና ማንኪያዋን ይዛ ጠበቀችው፣ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ወደሱ አዙራ። «ጨው አንሶታል» አላት። ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው አውጥታ ነሰነሰችለት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እህቱ እንደ ልማዷ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። እሱ ፊት ለፊት ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ነው፤ ገመዱን የሚይዝ እሱ፣ ገጹን የሚያዞር እሱ። ሥራ አስኪያጁ በቁጥሮቹ ጀመሩ፣ ሳቅ ሆነ። በኳስ ቡድኑ ቀጠሉ፣ የተሸነፈ ቡድን ስለሆነ ፉጨት ሆነ። ከዚያ «ቀጥል» አሉት። ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆየ። «ቀጥል እንጂ ሌባው፣ ደነዘዝክ እንዴ?» ነካው። ግድግዳው ላይ ፊደሉ ክንድ ክንድ አክሎ ወጣ።

«እኔ ነኝ እናቱ» ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብለው አነበቡ። «የማን እናት ናት እቴ? ልጁ ጠፍቶባት ይሆናል፣ እናፋልጋት እንጂ።» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰው ሁሉ በቅርብ ወደ ወለደችው የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ዞረ፤ እሷም «የኔ አይደለም፣ የኔ ሴት ናት» አለች፣ ሳቁ ባሰ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። «ቆይ፣ ቁጥሩማ ልደት ነው» አሉ። «በዚህ ቀን የተወለደ ማን አለ? የሰው ኃይሎች፣ እስቲ ፋይሉን እዩልን፣ ልጁ እዚሁ ይሆናል ተቀጥሮ የሚሠራው።» የሰው ኃይሉ ሰውዬ ለጨዋታ ያህል ላፕቶፑን ከፈተ።

«የኔ ነው» አለ እሱ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ለሙከራ ያስገባሁት ነው። ቀኑም የራሴ ልደት ነው፣ ቶሎ የመጣልኝ እሱ ስለሆነ። ሌላው ፈጠራ ነው። እንዲህ ያለች ሴት የለችም።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እናት የሆንከው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ላፕቶፑም በሳቁ መሃል ተከደነ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ መሳቅ ነበረበት። አዳነኋት ብሎ ወደ ኋላ ቀና ሲል ከመስኮቱ ሥር ያልሳቀች አንዲት ሴት አየ። ግድግዳውን አይደለም የምታየው፣ እሱን ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንደሚያውቅ በዚያች ቅጽበት አወቀች፤ ምሳ ላይ «እታለም» ብሎ ምን ሊላት እንደነበረም ገባት። «እንዲህ ያለች ሴት የለችም» ያለውንም ሰምታለች። ትእዛዝ እንደተቀበለ ሰው ጭንቅላቷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ገጹን አዞረ፣ የሚቀጥለው ፓስወርድ የአንድ ሹፌር ሰሌዳ ቁጥር ነበር።

ሰው ተበትኖ አልቆ ወደ መዝገብ ቤት ሲወጣ ብቻዋን አገኛት። መደርደሪያዎቹ እስከ ኮርኒሱ ፋይል ተሸክመዋል፣ ክፍሉ የቆየ ወረቀት ይሸታል፣ የእሷ ጠረጴዛ በመሃላቸው የትምህርት ቤት ዴስክ ታክላለች። ኮምፒውተሩን አላጠፋችም። የሚመጣው በምን ጉዳይ እንደሆነ ታውቃለች፤ ፓስወርዱ የተሰበረበት ሰው በዚያው ቀን፣ ባለሙያው ባለበት መቀየር አለበት። ደረጃውን ሲወጣ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር። እግሯ ላይ ሊወድቅ፣ ዕድሜሽን የበላሁት እኔ ነኝ ሊላት፣ ያንን አንድ ቃል ሊጠራት። ቃሉ ግን ሌላዋ ሴት ላይ አልቆበታል። ሲያመው፣ ሲርበው፣ ሲፈራ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሌላዋ ነው ያወጣው፣ ለዚህችኛዋ ሲሆን ምላሱ ላይ እንደ ስድብ ከበደው። በር ላይ ተገትሮ ቀረ።

«እታለም፣ ፓስወርድሽን መቀየር አለብሽ» አላት። ከዚያ ሁሉ መሃል የወጣለት ይሄ ነው።

«አንተ የፈጠርከው ነው አላልክም?» አለች። አልተቆጣችም። የምትጠይቀው እንደ ሥራ ጉዳይ ነው፣ አዎ ቢላት ልትቀበለው።

ትንሽ ጠበቀችው። መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው፤ አሁንም ጠበቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናትና ይህችን ትንሽ ጊዜ መጠበቅ አልከበዳትም። ከታች ዘበኛው የመኪና መግቢያውን ብረት በር ሲጎትት ይሰማል። እሱ ወለሉን አየ።

«እሺ፣ ዙርልኝ» አለች በመጨረሻ።

ሕጉ ነው፤ ባለቤቱ ሲጽፍ ባለሙያው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዞረ። አፍንጫው ፋይሎቹን ሊነካ ቀርቦ ቆመ። ከኋላው ቁልፎቹን በአንድ ጣቷ እየፈለገች ስትነካ ሰማ፤ ቆም አለች፣ ቀጠለች፣ ደግማ ጻፈችው፣ ሁለት ጊዜ ይጠየቃልና። ብዙ አልወሰደባትም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ የፋይሎቹ ጽሑፍ ተደባለቀበት፤ ቢጠርገው እንዳታውቅበት ፈርቶ እንደዚያው ተወው።

«ጨረስኩ» አለች። «እህቱ ነኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ይሄ ይበቃል?»

ፓስወርድ ለማንም አይነገርም፤ ለእሱም ቢሆን። ደግሞም ደካማ ነው። ለዘበኛውም፣ ለሥራ አስኪያጁም፣ ለአዳራሹ ሁሉ የተነገረ ቃል ነው፤ ማሽኑ ገና ሳይሞቅ ይበላዋል። «አይበቃም፣ ሌላ አድርጊ» ማለት የእሱ ሥራ ነበር። «እውነት አይደለም» ማለት ደግሞ የልጅ ሥራ ነበር። ሁለቱንም ያውቃል። ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሳ «ይበቃል» አለ።

ኮምፒውተሩን ስታጠፋ ሰማ። ወንበሯን ወደ ውስጥ አስገባች፣ የምሳ ዕቃውን ቦርሳዋ ውስጥ አደረገች፣ መብራቱ ጋ ደርሳ እጇን ማብሪያው ላይ አድርጋ ቆመች።

«ና እንሂድ እንግዲህ» አለችው፣ «ታክሲው ሳይጠፋ።»

«እሺ፣ እታለም» አላት።